ማኅበሩ ከአዳራሹ ይቀድማል፦ የሕዝብ ቴአትር ከአራዳ እስከ ነገሌ

በኢትዮጵያ የሕዝብ ቴአትር ሲጀመር ማኅበር ነበር፤ ሕንፃው በኋላ የመጣ ነው። ሐምሌ 1927 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር በኤርትራና በሶማሊያ በኩል እየተከማቸ ሳለ፣ መኰንን ሀብተ ወልድ አዲስ አበባ ላይ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። መኰንን ውጭ አገር ተልከው የተማሩ አልነበሩም። ታናሽ ወንድማቸው አክሊሉ ፈረንሳይ ተምረው ኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆኑ፣ እርሳቸው ከቤተ ክህነት ትምህርት ወጥተው በመንግሥት ሥራ ያደጉ ሰው ናቸው። የአውሮፓን መድረክ ባያዩም የአገራቸውን ጆሮ ያውቁ ነበር፤ ሕዝብ በምን እንደሚነቃ፣ በምን እንደሚያለቅስ፣ በምን እንደሚፎክር ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

ማኅበሩ ሥራውን የጀመረው በአደባባይ ነው። የሚገለጥ መጋረጃ፣ የሚቆረጥ ቲኬት አልነበረም። ተናጋሪ ይነሣል፣ ስለሚመጣው ወራሪ ይናገራል፤ ቀጥሎ አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ይወጣል፤ ከዚያ ግጥም፣ ከዚያ ቀረርቶ። የተሰበሰበው ሰው ለመዝናናት የመጣ አልነበረም፤ አገር ሊያዝ ነው የሚለውን ወሬ ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ ሊጠይቅ የመጣ ነው። ይህን የመሰለ የመድረክ አጀማመር ያለው ቴአትር ቤት በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። በአፍሪካም በአገሬው ሰው ከተመሠረቱት ቀደምት ቴአትር ቤቶች አንዱ ሆኖ የሚጠራው ይኸው ሀገር ፍቅር ነው።

ከእርሱ በፊት ቴአትር አልነበረም ማለቴ አይደለም። ሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት ጽፈው ቴራስ ሆቴል ውስጥ አሳይተዋል። በዘመናዊ መልክ የተጻፈ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት እርሱ ነው። አውሬዎቹ የሚናገሩት ግን የቤተ መንግሥቱን ጉድ ነበር። ተመልካቾቹ መኳንንትና የውጭ አገር ሰዎች ናቸው፤ ነገሩ ገባቸው፤ የንግሥት ዘውዲቱ መንግሥትም አገደው። በዚያው ለዓመታት ቴአትር ዝም አለ። ከኋላው የሚቆም ማኅበር፣ ነገ እንደገና የሚሰበሰብ ሰው አልነበረውም፤ የአንድ ሊቅ ሥራ ስለነበረ በአንድ ትእዛዝ ቆመ። ዝምታው የተሰበረው በ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ሰሞን ሲሆን፣ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው የትምህርት ቤት ልጆችን ይዘው ተውኔት ወደ መድረክ መልሰዋል። የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ቅኔን ከመድረክ ጋር ያጋቡ ሰው ናቸው፤ ስለ እርሳቸው ብዙ ተጽፏል፣ ገና ብዙ ሊጻፍም ይገባል።

ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ማኅበሩ ተበተነ። ዮፍታሔ ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት በኋላ ደግሞ ግራዚያኒ በየአገሩ እየዞሩ የሚዘፍኑና ትንቢት የሚናገሩ ሰዎች ተይዘው እንዲገደሉ አዘዘ። ይህን ትእዛዝ ደጋግሞ ማሰብ ይገባል። ጠመንጃና አውሮፕላን ያለው፣ የመርዝ ጋዝ የረጨ ጦር፣ መሰንቆ የያዘ ሰው አስፈራው። አዝማሪው ከመንደር መንደር የሚሄድ፣ ያለ አዳራሽ የሚሠራ መድረክ ነበርና በር ቆልፎ ሊያቆመው አልቻለም፤ ያለው አማራጭ መግደል ሆነ።

በዚያው ሰሞን፣ ውቅያኖስ ማዶ፣ ስለ ኢትዮጵያ የሚጨነቁ ሌሎች ጥቁሮች ነበሩ። እነርሱም ቴአትር የሕዝብ የሚሆነው እንዴት ነው የሚለውን ጥያቄ ያነሡ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ እ.ኤ.አ. በ1926 ሃርለም ውስጥ ክሪግዋ የተባለ የተዋንያን ማኅበር ሲያቋቁም ለጥቁር ሕዝብ ቴአትር አራት መለኪያ አስቀምጦ ነበር። ቴአትሩ ስለ ሕዝቡ ሕይወት የሚናገር ይሁን፤ ደራሲዎቹ ከሕዝቡ የወጡ ይሁኑ፤ የሚታየው ለሕዝቡ ይሁን፤ ቦታውም ሕዝቡ ከሚኖርበት አጠገብ ይሁን። ማኅበሩ የራሱ ሕንፃ አልነበረውም፤ በ135ኛው ጎዳና ባለው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ነበር የሚጫወተው። ዱ ቦይስ ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1913፣ «የኢትዮጵያ ኮከብ» የተባለ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተሳተፉበት ታሪካዊ ትርኢት ኒው ዮርክ ላይ አሳይቷል። ሮዝ ማክሌንደን የተባለችው ታላቅ ተዋናይት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1935 በዚያው በሃርለም የጥቁሮች የሕዝብ ቴአትር መሠረተች። ያ ዓመት ሀገር ፍቅር የተመሠረተበት ዓመት ነው። በዓመቱ አረፈች፤ ያሰባሰበቻቸው ግን ሥራውን ቀጠሉ።

እ.ኤ.አ. በጥር 1936 የአሜሪካ መንግሥት የሚደግፈው የፌዴራል ቴአትር ፕሮጀክት «ኢትዮጵያ» የሚል ርዕስ ያለው፣ የጣሊያንን ወረራ እንደ ጋዜጣ ዜና እየተረከ በመድረክ የሚያሳይ ሥራ አዘጋጅቶ ነበር። ከዋሽንግተን ትእዛዝ መጣ፤ የውጭ መሪዎችን በመድረክ ማሳየት ክልክል ነው ተባለ፤ ሥራው ለሕዝብ ሳይቀርብ ቀረ። የኒው ዮርኩ ኃላፊ ኤልመር ራይስ ተቃውሞ ሥራውን ለቀቀ። አዲስ አበባ ላይ የተበተነውና ኒው ዮርክ ላይ የታገደው በአንድ ጉዳይ ነው። እኛ ይህን እምብዛም አናስታውሰውም፤ ማስታወስ ግን ነበረብን።

የዱ ቦይስ አራተኛው መለኪያ፣ ቅርበቱ፣ ለእኛ አገር ቴአትር ከሁሉ የከበደው ነው። ሦስቱን ቶሎ አሟልተናል። ስለ ራሳችን ጽፈናል፣ ራሳችን ጽፈናል፣ ለራሳችን አሳይተናል። የቀረው አጠገባችን የሚለው ነው፤ የሚቀጥለው ታሪክም በአብዛኛው የዚህ ታሪክ ነው።

ከነጻነት በኋላ ሀገር ፍቅር እንደገና ተቋቁሞ ፒያሳ፣ አራዳ ጊዮርጊስ አቅራቢያ ቤት አገኘ። ቤት ቢያገኝም የማኅበር ጠባዩን አልጣለም። በመድረኩ ላይ የሚወጣው ሰው ሁሉን ይሠራል፦ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል፣ ቀልድ ይቀልዳል፣ ከዚያም ልብስ ቀይሮ በረጅሙ ተውኔት ንጉሥ ወይም ለማኝ ይሆናል። አንድ ትርኢት ሙዚቃውን፣ ውዝዋዜውን፣ አጫጭሩን ቀልድና ዋናውን ተውኔት አጠቃሎ ሰዓታት ይፈጃል። እዮኤል ዮሐንስን የመሰሉ ደራስያን ተውኔት በተውኔት ላይ እየጻፉ ለዚህ መድረክ ቀለብ ያቀርቡ ነበር። የውጭዎቹ እነ ሼክስፒር፣ ሞሊየርና ሺለርም በአማርኛ ለብሰው እዚያው መድረክ ላይ ታይተዋል። ጥላሁን ገሠሠ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ከመሄዱ በፊት በልጅነቱ የገባው ሀገር ፍቅር ነው። ጠለላ ከበደና ፍሬው ኃይሉም የዚያው ቤት ፍሬዎች ናቸው።

ስለ እነዚህ ሰዎች ስንናገር የከፈሉትን ዋጋ ማለፍ አይገባም። በመድረክ የሚወጣ ሰው «አዝማሪ» ተብሎ የሚናቅበት፣ ዘመድ የሚያፍርበት ዘመን ነበር። በመጀመሪያ የሴት ገጸ ባሕርይን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጣች ማለት ከቤተሰብ ተቆረጠች እንደማለት ነበርና። አስናቀች ወርቁ በዚያ ዘመን ክራሯን ይዛ ወጣች። ዘፈነች፣ ተወነች፣ ኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው ቤትም ለብዙ ዓመት ሠራች፤ መስከረም 2004 ዓ.ም. አርፋለች። ዛሬ አንዲት ልጅ የቴአትር ትምህርት ክፍል ገብታ በዲግሪ ስትመረቅ ቤተሰቧ ፎቶ ይነሣል። ያንን መንገድ የጠረጉት የምስክር ወረቀት ሳይኖራቸው ስድብ የተቀበሉት ሴቶች ናቸው። ፈር ቀዳጅ የሚለው ማዕረግ ለማንም ከመሰጠቱ በፊት ለእነርሱ ሊሰጥ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሀገር ፍቅር በየጠቅላይ ግዛቱም ይዞር ነበር። ተዋንያኑ ልብሳቸውንና መሣሪያቸውን ጭነው ይሄዳሉ፣ በተገኘው አዳራሽ ወይም ሜዳ ይጫወታሉ፣ ይመለሳሉ። ይህ ዙረት ሁለት ነገር አስከተለ። አንደኛው፣ በየከተማው ያየ ወጣት እኔም እችላለሁ ብሎ የራሱን ቡድን ማሰብ ጀመረ። ሁለተኛው ደግሞ ያን ያህል ደስ የማያሰኝ ነው፦ ቴአትር ከዋና ከተማ የሚመጣ፣ አይቶ የሚጨበጨብለትና የሚሸኝ እንግዳ ሆነ።

በኅዳር 1948 ዓ.ም.፣ ለንጉሠ ነገሥቱ 25ኛ የዘውድ በዓል፣ ጣሊያኖች ጀምረው የተዉት ሕንፃ ተሠርቶ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ፤ የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው። የመክፈቻው ተውኔት የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበር። ሙዚቃው በነርሲስ ናልባንዲያን እጅ ወደ ሌላ ደረጃ ወጣ። በዚያው መድረክ ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ኦቴሎ»ንና «ሃምሌት»ን በአማርኛ አናገራቸው፤ ወጋየሁ ንጋቱን የመሰለ ድምፅ ተሰማበት። የዚህን ቤት ዋጋ ማሳነስ ነውር ነው። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴአትር በሰው አፍ ሕንፃ ሆነ። ደመወዝ ከመንግሥት፣ ሹመት ከመንግሥት፣ መብራት ከመንግሥት። አዲስ አበባ ውስጥ ራስ ቴአትር፣ የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ፣ ኋላም የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትር ተጨመሩ። ቋሚ ቴአትር ቤቶቹ በአንድ ከተማ ተሰበሰቡ። በደቡብ ያለችው ነገሌ ቦረና ከዚያ ከተማ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

የማኅበሩ መሥራች መኰንን ሀብተ ወልድ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመንግሥት ግልበጣው ሙከራ ጊዜ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተገደሉት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው። በፖለቲካው ብዙ ጠላት ያፈሩ ሰው ነበሩ፤ ያ የራሱ ታሪክ አለው። በመድረኩ ታሪክ ግን ስማቸው ከዚህ የበለጠ ሊነሣ ይገባል።

በዚያው በ1950ዎቹ፣ ከመንግሥት ቤት ውጭ፣ ድሬዳዋ ላይ አፍረን ቀሎ የተባለ የወጣቶች ማኅበር ተነሣ። በአፋን ኦሮሞ የሚዘፍን፣ በኅብረተሰቡ መዋጮና ድጋፍ የቆመ ቡድን ነበር። ሠርግ ላይ ይጫወታል፣ በዓል ላይ ይጫወታል። ዓሊ ቢራ ገና ልጅ ሳለ የገባው ወደዚህ ቡድን ነው። መንግሥት ብዙም ሳይቆይ አገደው፤ አባላቱ ተሳደዱ። ቡድኑ የኖረው ጥቂት ዓመት ነው፤ ነገር ግን የዱ ቦይስን አራተኛ መለኪያ በአገራችን መጀመሪያ በሙሉ ልብ ያሟላው ማነው ብባል ጣቴን የምቀስረው ወደ ድሬዳዋ ነው። ቅርበት የመንገድ ርቀት ብቻ አይደለም። የሀገር ፍቅር ተዋናይ ነገሌ ድረስ መጥቶ ቢጫወት እንኳ፣ ከሊበን ሜዳ ከብቱን ይዞ ገበያ ለመጣው ጉጂ ወይም ለሶማሊው ነጋዴ አማርኛው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀር ነበር።

ደቡቡ ቆላ ደግሞ ባዶ መድረክ አልነበረም። ቦረና አገር ቱላ የሚባሉትን ኤላዎች፣ የውኃ ጉድጓዶቹን፣ ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ኤላው ጥልቅ ነው፤ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ በእርከን ይሰለፋሉ፣ ውኃው በመቅጃ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ ይወጣል፤ ያ ሁሉ የሚሆነው በዘፈን ነው። አንዱ ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፤ ዜማው የእጁን ፍጥነት ይይዛል፣ ከብቱም ተራውን በድምፁ ያውቃል። በየስምንት ዓመቱ በሚሰበሰበው የቦረና ጉባኤ፣ በጉሚ ጋዮ፣ ላይ ደግሞ ሕግ የሚታወጀው በንግግር ጥበብ ነው፤ ተናጋሪው ቃሉን መርጦ፣ ድምፁን ለክቶ፣ ሺህ ሰው ፊት ይቆማል። የኦሮሞ የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ሲሰፍር፣ የተመዘገበው የአስተዳደር ሥርዓት ብቻ ሳይሆን ይህ ሁሉ የአደባባይ ጥበብ ጭምር ነው። ቴአትር ለቆላው አዲስ ነገር ነው የሚል ሰው ኤላ አጠገብ ቆሞ አያውቅም።

ነገሌ በኢትዮጵያ ቴአትር ታሪክ ውስጥ ባልተጠበቀ በር ትገባለች። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው የአራተኛ ብርጌድ ወታደር በምግቡና በውኃው ጉዳይ አመፀ። ንጉሠ ነገሥቱ የላኩትን ጄኔራል አግተው እነርሱ የሚበሉትን እንዲበላ፣ የሚጠጡትን እንዲጠጣ አደረጉት። ከዚያች ሰፈር የተነሣው ነገር በወራት ውስጥ ዘውዱን አወረደ። መድረኩም አብሮ ተገለበጠ። ጸጋዬ «ሀሁ በስድስት ወር»ን ጻፈ፤ አዲስ አበባ ላይ ሰው ቲኬት ለማግኘት ይጋፋ ጀመር። ከሁሉ በላይ ግን የኪነት ቡድን የሚባለው ተቋም በየቀበሌው ተወለደ።

ኪነትን ለማያስታውስ ወጣት አንባቢ ጥቂት ልዘርዝር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ በየከተማው ቀበሌ ተቋቋመ፤ ቀበሌው አዳራሽ ሠራ ወይም ከተወረሰ ቤት አገኘ። በአዳራሹ ወጣቶች ተሰብስበው ዘፈን፣ ውዝዋዜና አጭር ድራማ ይለማመዳሉ። ገበሬ ማኅበር፣ የሴቶች ማኅበር፣ የወጣቶች ማኅበር፣ ፋብሪካ፣ የጦር ክፍል፣ ሁሉም የየራሱን ኪነት አቋቋመ። ጎበዝ የተባለው ከቀበሌ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ ክፍለ ሀገር ይወጣል። የወሎው ላሊበላ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የጎጃሙ ግሽ ዓባይ በዚህ መንገድ ስም ያወጡ ናቸው። ነገሌ ያኔ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ የጦር ሰፈር ስለነበረች ደግሞ የወታደሩም የከተማውም ሙዚቃ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኝ ነበር። የሶማሊያ ጦርነት በ1969 ዓ.ም. ሲነሣ ኪነቶቹ ወደ ግንባር ተላኩ።

ኪነት የመንግሥት መሣሪያ ነበር፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። መፈክር የሌለበት ዘፈን መድረክ አያገኝም፤ ድራማው ውስጥ አድኃሪው መሸነፍ፣ ታጋዩ ማሸነፍ ነበረበት። ብዙ ወጣት ወዶ ገባ፣ ብዙው ደግሞ ተገዶ። በዚያ ዘመን የታሰረና የሞተ ደራሲም አለ። ነገር ግን ኪነት ከእርሱ በፊት የነበሩት ቴአትር ቤቶች ያላደረጉትን አንድ ነገር አደረገ፦ መድረኩን ሰው ከሚኖርበት ሰፈር አስቀመጠው። የጎረቤት ልጅ ነው የሚዘፍነው፤ እናቱ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ልምምዱን ሰፈሩ ሁሉ በመስኮት ይሰማል። በክፍለ ሀገሩ ያሉ ቋንቋዎች ዘፈንና ውዝዋዜ መድረክ ላይ ወጡ፤ የሲዳማው፣ የጉጂው፣ የቦረናው፣ የጌዴኦው ጭፈራ ከሰፈሩ ውጭ ታየ። ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተከፈተው የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል ካፈራቸው ባለሙያዎችም ውስጥ መጀመሪያ መድረክ የረገጡት በቀበሌ ኪነት የሆኑ ብዙ ናቸው። በ1980 ዓ.ም. «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ቡድን አውሮፓንና አሜሪካን ሲዞር፣ ዓለም በረሀብ ብቻ የሚያውቃት አገር ጥበቧን ይዛ ቀረበች፤ በዚያ ቡድን ውስጥም ከእነዚሁ ኪነቶች የወጡ ሰዎች ነበሩ።

1983 ዓ.ም. ሲመጣ ጦሩ ተበተነ፣ የጦሩ ኦርኬስትራዎችም አብረውት። የቀበሌ ኪነቶችም አንድ በአንድ ጠፉ። አዳራሾቹ ለስብሰባ፣ ለእህል ማከማቻ፣ ለሱቅ ኪራይ ዋሉ። በባሕር ዳር ሙሉዓለም የባህል ማዕከል፣ በደሴ የወሎ ባህል አምባ የኪነትን ውርስ ይዘው ቆዩ። ሌላ ቦታ ብዙው ተረሳ፤ መፈክሩን ለመጣል ሲባል ማኅበሩም አብሮ ተጣለ። የዚህን ያህል ትልቅ የሆነ ጥፋት በጥቂት ሰው ብቻ የታዘነለት መሆኑ ያሳዝነኛል።

ቦታውን የያዘው፣ ለዐሥር ዓመት ያህልም ቢሆን፣ የትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ክበብ ነበረው፤ ክበቡም ድራማ ነበረው። ታሪኩ አንድ ዓይነት ነው፣ መጨረሻው ይታወቃል። ሆኖም በሚኒ ሚዲያው ማይክ የጀመሩ፣ በሰልፍ ሜዳ ላይ የተወኑ ልጆች ኋላ ጋዜጠኛም ተዋናይም ሆነዋል። ዕርዳታው ሲደርቅ ክበቦቹ ከሰሙ። ገንዘቡን የሰጠው ድርጅት መልእክቱን እንጂ ማኅበሩን ሊገነባ አልመጣም ነበርና ከዚህ የተለየ ፍጻሜ አይጠበቅም።

ከአገር ውጭ ግን ሌላ ምሳሌ አለ። የኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መሪ የነበረው ተስፋዬ ለማ ሕዝብ ለሕዝብን ተከትሎ አሜሪካ ቀርቶ፣ ዋሽንግተን ላይ የኢትዮጵያን ጥበብና ባህል የሚይዝ ማዕከል አቋቁሞ እስከ ሞቱ ደክሟል። ተዋናይት፣ ገጣሚና የዘፈን ግጥም ደራሲ የሆነችው አለምፀሐይ ወዳጆ ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የሕፃናትና ወጣቶች ቴአትርን በኃላፊነት የመራች ናት። ተሰድዳ አሜሪካ ከገባች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ጣይቱ የባህልና የትምህርት ማዕከልን መሠረተች። እዚያ የመንግሥት በጀት የለም። ተዋንያኑ ቀን ታክሲ ይነዳሉ፣ ሆስፒታል ይሠራሉ፣ ማታ ልምምድ ይመጣሉ። አዳራሽ በኪራይ ነው፤ ተመልካቹ ራሱ ወንበር ያስተካክላል። በዚህ ሁኔታ የአማርኛ ተውኔት በአሜሪካ ከተሞች እየዞረ ታየ፤ የግጥም ምሽት ተለመደ፤ እዚያ የተወለዱ ልጆች የወላጆቻቸውን ቋንቋ ከመድረክ ሰሙ። አለምፀሐይ ያደረገችው መኰንን ሀብተ ወልድ በ1927 ዓ.ም. ካደረጉት ጋር አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሰው ሰበሰበች። የጥቁር ሕዝብ የማኅበረሰብ ቴአትር ፈር ቀዳጆች በአሜሪካ ሲዘከሩ የእርሷም ስም በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊገባ ይገባል። በሕይወት እያለች ማለቴ ነው፤ እኛ ሰውን ከቀበርን በኋላ ማመስገን ልማዳችን ነውና።

በጉጂ አገር ያለችውን ወደራን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ይህን ቢሰማ ደስ ይለው ይሆናል። በሚያዝያና በግንቦት 1933 ዓ.ም. በወደራ ኮረብቶች ላይ ጣሊያንን የተዋጋው የጎልድ ኮስት ብርጌድ ነበር፤ ጎልድ ኮስት የዛሬዋ ጋና ናት። የወደራ ስም በዚያ ጦር የጀግንነት መዝገብ ውስጥ ሰፍሯል። ከጦርነቱ 20 ዓመት በኋላ ከዚያችው ጋና ኤፉዋ ሰዘርላንድ የተባለች ደራሲ ተነሣች። እ.ኤ.አ. በ1961 አክራ ላይ የድራማ ስቱዲዮ ከፈተች። በዚያ አልቆመችም፤ አትዊያ ወደምትባል መንደር ሄዳ ከመንደሩ ሰዎች ጋር የተረት ቤት አሠራች። ተረት ነጋሪዎቹ የመንደሩ ሽማግሌዎችና ሴቶች ነበሩ፤ ሴት አለቃ የነበሩት የመንደሩ መሪ ራሳቸው ተረት ነጋሪ ነበሩ። ኤፉዋ መድረኩን ወደዚያ ወሰደችው እንጂ ሰዎቹን ወደ አክራ አልጠራቻቸውም። የጋና ወታደር አጽሙን የተወባት የወደራ ምድር የጋናን ይህን ልምድ ብትቀበል ብድር መመላለስ ይሆናል።

ለወደራ፣ ለነገሌ፣ ለክብረ መንግሥት፣ ለያቤሎና ለሞያሌ ሰዎች የምለው ይህ ነው። አዳራሽ እስኪሠራ አትጠብቁ፤ በጀቱ ይመጣል ቢባልም አትጠብቁ። በየከተማችሁ በኪነት የተወዛወዙ፣ የዘፈኑ፣ ድራማ የጻፉ ሰዎች አሁንም አሉ፤ አብዛኞቹ 60 ዓመት አልፏቸዋል። ስማቸውን መዝግቡ፣ ድምፃቸውን በስልካችሁ ቅረጹ፣ የያዙትን ፎቶና የድራማ ጽሑፍ ምስጥ ሳይበላው ቅዱ። በጉጂኛ ለሚናገረው በጉጂኛ፣ በቦረንኛ ለሚናገረው በቦረንኛ፣ በሶማልኛና በአማርኛም ቅረጹት፤ አንዱ ቋንቋ ለሌላው ቦታ ይልቀቅለት። የባህል ቢሮዎችም የኪነቶቹ ዕቃና መዝገብ የት እንደገባ ይፈልጉ፤ ከተገኘም ለሕዝብ ክፍት ያድርጉት። ከዚያ ዐሥር ልጆች ሰብስቡና በሳምንት አንድ ቀን ልምምድ ጀምሩ።